በብርድ የገጠምኩት ፕላስቲክ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ስጠየቅ እሳሳታለሁ። የማስታውሰው ዝናቡ ቶሎ ጥሎን የሄደበት፣ ወንዙ ከቁርጭምጭሚት ያላለፈበት የቡና ወቅት እንደነበር ነው።

ያኔ ሊሙ ገነት አጠገብ ባለች ትንሽ የቡና ማጠቢያ የመፈልፈያው ማሽን ኃላፊ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል አልደረሰም፤ ያበሉኝ ጆሮዬና እጄ ናቸው። ገበሬው ቀይ እሸቱን ያመጣል፣ ማሽኑ ይልጠዋል፣ ውሃ ያጥበዋል። እሸት ደግሞ ብዙ አይታገስም፤ ጆንያ ውስጥ ሲቆይ ይግልና ይቦካል።

የማሽኑ ዘንግ የሚሽከረከርበት የነሐስ ቀለበት፣ እኛ ቦኮላ የምንለው፣ ተበላ። ነሐስ ከገበያ ጠፋ። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ በቶርኖ ማሽን ዕቃ እየቀረጸ የሚኖረውን የድሮ ወዳጄን ለመንኩት። ከነጭ ፕላስቲክ ቀርጾ ሰጠኝ። ስወጣ፣ «ላላ ያለ ቢመስልህ እንዳትነካው፤ ለሙቀቱ የተውኩለት ቦታ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። ሰማሁት እንጂ አላመንኩትም።

በማግስቱ ጉሙ ሳይነሳ ገጠምኩት። ዘንጉን በእጄ ስወዘውዘው ይላወሳል። በነሐስ ዘመን እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ ከዘይት ጣሳ ስስ ቆርቆሮ ቆርጦ በውጭ በኩል መጠቅለል፣ ከዚያ በመዶሻ መትቶ ማስገባት። እንደዚያው አደረግኩ። ዘንጉ ፀጥ አለ። ደስ አለኝ፣ ምን ያደርጋል።

እስከ ረፋዱ ጥሩ ሄደ። ፀሐዩ ሲበረታና የሚያበርደው ውሃ ሲያንስ ግን የተቃጠለ ጀሪካን ሽታ መጣ። ቀበቶው ጮኸ፤ ማሽኑ ቆመ። ፕላስቲኩ አብጦ ብረቱን አንቆታል። ወደ ውጭ እንዳይሰፋ የእኔ ቆርቆሮ ይዞታል፤ የቀረው መንገድ ወደ ዘንጉ ብቻ ነበር።

ተራ ከሚጠብቁት ገበሬዎች አንዱ፣ «ጋሼ፣ ማሽንዎ ጾም ያዘች እንዴ?» ሲል ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አንዲት እናት ግን በአህያ ያመጧቸውን ሁለት ጆንያዎች ተደግፈው፣ «ኢንሻአላህ ዛሬ ይደርሰኛል፣ አይደል ወንድሜ?» አሉኝ። ትናንት የለቀሙት ነው፤ ሌላ ቡና አልነበራቸውም።

«አይዞዎት፣ ይደርሳል» አልኳቸው። ቃል ነው የሰጠሁት።

ቀዝቃዛ ውሃ ስደፋበት ይለቃል፤ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይይዛል። ደግሜ ደፋሁ። ሲግል ይለሰልስና ብረቱ ይፍቀዋል፤ ነጭ ፍቅፋቂው ከታጠበው ቡና ጋር ይወርዳል። የማጠቢያው ባለቤት ከቡናው ዘግኖ አየና ማሽኑን አጠፋው። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እጄን በእናትየው ጆንያ ውስጥ ብሰድ፣ እሸቱ እንደ ታመመ ሰው ግንባር ያተኩሳል።

«ተወው፣ አንተ ምን ታደርግ» ብለው አህያቸውን ነዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቱ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ከእንግዲህ ይረፉ» አለኝ። በአክብሮት ነው ያባረረኝ።

ፕላስቲኩን ይዤ ጅማ ገባሁ። ወዳጄ ቆርቆሮውን ሲያይ፣ «ወላሂ፣ ካፖርት አልብሰህ ነው የገደልከው!» አለ። ዘንጉን የሚያህል ብረት ከመደርደሪያ አውርዶ አስገባበት። ያ አንቆ የያዘ ነገር ተበልቶ አሁን ይዋልላል።

«ሲበርድ የዋህ ነው» አለኝ። «ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይፋተጋል፣ ሲፋተግ ይብስ ይሞቃል። ከዚያ በኋላ ውሃ ብትደፋ ምን ዋጋ አለው?»

ከዚያ ወዲህ ለማሽን የጠራኝ የለም። እናትየውንም አላገኘኋቸውም፤ ባገኛቸውስ ምን እላቸዋለሁ? እጄ የሚያውቀው ነሐስን ነበር፤ ይሄን አዲሱን ለማወቅ ደግሞ ዕድሜው አልተረፈኝም። ጅማ አወቱ መንደራ ሰፈር ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ በከረምኩበት ጊዜ፣ አንድ ሰው ብቻ እየመጣ፣ «ተነስ እንጂ፣ ብረት የሚይዝልኝ አጣሁ» ይለኝ ነበር። የሚይዝለት አላጣም። ያ ሰው ያው ያላመንኩት የበቾ ቦሬው ቶርኖ ሠራተኛ ነው።