በሁለት እግሬ የተፈተኑ ቅጠሎች

የበደለኝ ሰው አያ ቢተው ይባላል። የባሌ አጎት፣ በጠዳ የታወቀ የቁስል መድኃኒት ዐዋቂ ነበር። ጊዜው ጣሊያን ጎንደር በገባ በሁለተኛው ክረምት ነው። ባሌ ዱር ገብቶ ነበርና እኔ በአያ ቢተው ቤት ተጠግቼ እኖር ነበር።

ሕመሙ በጭረት ጀመረ። አዘዞ ከጣሊያኖች ካምፕ አጠገብ እንጨት ስለቅም እሾሃም ሽቦ ሁለቱንም እግሬን ከጉልበቴ በታች ቧጨረኝ። በሳምንቱ ሁለቱም አመረቀዙ።

አያ ቢተው በቀኜ አንድ፣ በግራዬ ሌላ ቅጠል ወቅጦ አሰረልኝ። ስማቸውን አልጠየቅሁም። በእኛ ዘንድ መድኃኒት ስሙ ከተነገረ ይረክሳል ይባላል። ዐዋቂው ጎሕ ሳይቀድ ብቻውን ይቆርጣል፤ እንዳይለይ አድርጎ ይወቅጣል፤ ስሙን የሚነግረው ሊሞት ሲል ለበኩር ልጁ ነው። እኔም አምኜ ዝም አልኩ። ጥፋቴ ይህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ቀኙ ደረቀ። ግራው ነደደ።

«አያ ቢተው፣ ምነው የግራው እንዲህ አቃጠለኝ? ይፍቱልኝ።»

«ማቃጠሉ መሥራቱ ነው። በቅሎ እንኳ ከዚህ የባሰ ትችላለች።»

በአምስተኛው ቀን የአንድ ባንዳ አለቃ አሽከር መጣ። ጌታው ጭኑን ቆስሎ ነበር። ያ አለቃ ባሌን በየዱሩ የሚያሳድድ ሰው ነው። ጓዳ ተኝቼ ሰማኋቸው።

«የጌታዬ ቁስል ጠንቷል። መድኃኒቱ ምነው ዘገየ?»

«ሰባት ቀን ይሙላ። ሁለቱን ቅጠል በልጅቱ እግር እያየሁ ነው። የተሻለውን ለእሳቸው አመጣለሁ።»

«ብትሞትብህስ?»

«እግር ነው እንጂ አንገት አይደለም።»

ሳቁ።

ግራው ጠቆረ። ሸተተ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ሰባተኛውን ቀን አልጠበቅሁም። በማግስቱ አያ ቢተው ማክሰኝት ገበያ ሲወርድ የጎረቤት አህያ ተውሼ አዘዞ የጣሊያኖች ክሊኒክ ደረስኩ።

ዶቶሬው፣ የጣሊያኑ ሐኪም፣ የሁለቱንም እግር ማሰሪያ ፈታ። ፐርማንጋኔት በሚሉት ሐምራዊ መድኃኒት አጠባቸው። ከግራው ሳይደቅ የቀረ የሐረግ ቁራጭ ወደቀ። አወቅሁት፤ በየአጥሩ የሚወጣው አዞ ሐረግ ነው። ከቀኙም ያልደቀቀ የክትክታ ቅጠል ወጣ።

«ቀኙን ያከመው ማን ነው? ሸጋ ይዞታል» አለ በአስተርጓሚው። «ግራውን ያበላሸውስ?»

«ሁለቱንም ያው አንድ ሰው ነው።»

ዶቶሬው ቀና ብሎ አየኝ። «ጋንግሪን ጀምሯል፤ ሥጋው እየሞተ ነው። ሁለት ቀን ብትዘገዪ እግሩን እቆርጠው ነበር።»

የሞተውን ሥጋ ቆረጠ። ጮኽኩ። ከዚያ በኋላ ግን ከአያ ቢተው ቤት ወጥቼ አህያ ካዋሰችኝ ጎረቤት ተጠግቼ፣ ዝናቡ አባርቶ መስኩ ቢጫ እስኪለብስ ድረስ በየሦስት ቀኑ እየሄድኩ አሳጠብኩ፣ መጀመሪያ በአህያ፣ ኋላ በዱላ፣ በመጨረሻም እያነከስኩ በገዛ እግሬ፤ ዛሬም ብርድ ሲመጣ ጠባሳው ቀድሞ ይነግረኛል።

ያንን ዶቶሬ አመሰግናለሁ፤ ማመስገኑ ግን አይጥመኝም፤ የጠላት ሰው ነበርና። አህያዋን ያዋሰችኝን ጎረቤቴን ሳልቆጥብ አመሰግናለሁ። ቁስል ያለባችሁ፣ ቅጠል ክፉ ነው አልልም፤ አንዱ አድኖኛል። ዐዋቂው ስሙን የማይነግራችሁን ቅጠል ግን አታስሩ። ካቃጠለም የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቁ ፍቱት።

መራመድ እንደቻልኩ ክትክታና አዞ ሐረግ ቆርጬ ጠዳ ገበያ መካከል ቆምኩ። የሁለቱንም ስም ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ እግሮቼንም ገልጬ አሳየሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቁስሉን ይዞ ወደ አያ ቢተው ቤት የሄደ የለም። ሲሞት ለልጁ የሚያወርሰው ምስጢር አልነበረውም። ለቅሶውን አልደረስኩም።