ሸክላው ያልያዘው ስንኝ

ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ያዘናጋኛል። የግራማፎኑ መርፌ ሸክላው ላይ ሲያርፍ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት፣ ልክ እንደዚያ ይንጫጫ ነበር። ትናንት ቁሌቱን አሳርሬ ልጄ «ምን ነካሽ እማዬ?» አለችኝ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

አባቴ ጣሊያን ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ አገሩ አልተመለሰም፤ ከሾላ ገበያ ወረድ ብሎ ጋራዥ ከፈተና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ያደገችውን እናቴን አግብቶ ቀረ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እናቴን «አንተ» ነበር የሚላት። የመኪና ፍሬን ሲሠራ ሁልጊዜ አንድ ዘፈን ያንጎራጉራል። ጣሊያን ያደገበት መንደር ሴቶች ተራራ ላይ ከዛፍ የወደቀ ፍሬ ሲለቅሙ የሚዘፍኑት ነው። እኔንም ያስተኛኝ የነበረው በዚያው ነው።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አክስቴ ከጣሊያን ደብዳቤና ሸክላ ላከች። በአገራቸው የድሮ የገጠር ዘፈኖች በአዲስ መልክ እየተቀረጹ ይወጡ ነበርና አባቴ የሚያንጎራጉረውም ገብቶበታል። ደብዳቤው «እናታችን ደክማለች፣ ና» ይላል። እናቴ ደብዳቤውን ማንበብ ባትችልም ከአባቴ ፊት ገባት። ያን ቀን ምሳዋን አልነካችም።

አባቴ ግን የቸኮለው ለሸክላው ነበር። የእጁን ግራሶ በቤንዚን አስለቀቀ፣ የክት ኮቱን ለበሰ። ከግራማፎኑ ብዙ ቫዮሊንና ጥርት ያለ የሴቶች ድምፅ ወጣ። እኔ በጣም ወደድኩት። እሱ መርፌውን አነሳና እንደገና ከመጀመሪያው አስቀመጠው።

«ይሄ ሌላ ነው» አለ። «እናቴ ዳገት እየወጣ ነው የሚዘፍነው። ትንፋሽ ያጥረዋል።»

ሦስተኛው ስንኝም ሸክላው ላይ የለም። ራሱ ሊዘፍነው አፉን ከፈተ፤ ጠፋው። ከዚያ ወዲያ በጋራዡ ማንጎራጎር ቀረ።

«ሊሄድ ነው» አለችኝ እናቴ፣ ልብስ እያጣጠፈች። «የጠፋውን ሊፈልግ።»

አንድ እሑድ ሦስታችን ወደ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። ዝናቡ አባርቶ ባሕር ዛፉ ይሸታል። እናቴ ለዘመዶቿ የያዘችውን ጤፍ አዝላ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ዳገቱ መሃል ላይ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ ያንን ሦስተኛ ስንኝ ጀመረችው። ቃሉ ተጣሟል፤ ትንፋሿ በየመሃሉ ይቆረጣል። ጣልያንኛ አታውቅም፤ እኔን ሲያስተኛ እየሰማች ነው የያዘችው።

አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ቀጥል» አላት። «አትተው፣ ቀጥል።»

ስትጨርስ ድንጋይ ላይ አረፍ አለች። አጠገቧ ተቀመጠና «ምን የሚል ይመስልሃል?» ሲል ጠየቃት።

«እማማ፣ አትጠብቂኝ፣ እዚህ ቤት ሠርቻለሁ፣ ነዋ የሚለው» አለችው፣ ጫማዋን ከጭቃው እየጠረገች።

እኔ ጣልያንኛ እሰማለሁ። ስንኙ «ከረጢቱ ሞላ፣ ወገቤ ተቆረጠ» ነው የሚለው፤ ሌላ ምንም የለበትም።

አባቴ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ከዚያ «አዎ» አላት። «እሱን ነው የሚለው።»

ጤፉን ተቀብሏት ተሸከመና መንገዳችንን ቀጠልን። እናቱ በዚያው ዓመት ስታርፍ እሱ እዚሁ እኛ ጋ ነበር።