ጀርመንኛው ላይ የለም

ታላቅ እህቴ በእስልምና ጥናት ዶክተር ለመሆን ስትማር ዓመታት አልፈዋል። ሰፈሩ ግን ቸኩሎ ገና ድሮ ሾሟታል፤ "ዶክተር፣ ጉልበቴን" እያሉ የሚያንኳኩትን ከበር የምመልሰው እኔ ነኝ። ሥራዬ ማቀዝቀዣ መጠገን ነው። እኔ ዘንድ ከቀዘቀዘ ተጠገነ ይባላል፤ እሷ ዘንድ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

አረብኛን የተማረችው ከአባታችን ነው። አባባ መስጊድ ውስጥ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በልጅነቷ ጽሑፍ በቃሏ ያስይዟት ነበር፤ አንዲት ቃል ከዘለለች ጣታቸውን ያነሡና "ከራስጌ ጀምሪ" ይሏታል። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍል አረብኛዋን ፈትኖ በጣም ተደሰተና "ሌላስ?" አላት። ፋርስኛ ተማረች። ፈረንሳይኛ ጨመረች። ቀረ ጀርመንኛ። አንድ የጀርመን ሊቅ ስለ አረብኛው መጽሐፍ ምን እንዳለ ሳታውቅ፣ መጽሐፉን አንብቤዋለሁ ብትል ማን ያምናታል? በዚህ ዓመት ካላለፈች ትባረራለች፤ ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።

ስለዚህ ቤታችን ጀርመን ሆነ። የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ላይ ሳይቀር ግስ ተለጠፈ። ጢሜን ስላጭ እኔም ሳልወድ በግዴ ጥቂት ሸመደድኩ።

ፈተናው አንድ ገጽ ጀርመንኛ ወደ ቋንቋችን መመለስ ነው። ወረቀቱን ስትገልጠው እህቴ ሳቋ መጣ። ገጹ ከአረብኛ ወደ ጀርመንኛ የተተረጎመ የድሮ ታሪክ ነበር፤ ያውም አባባ በቃሏ ያስያዟት። አንድ ዳኛ የአንዲትን መበለት ቤት ለጎረቤቷ ይፈርዳል። ኋላ መሳሳቱን ሲያውቅ በሰው ፊት ከወንበሩ ተነሥቶ "የበደልኩሽ እኔ ነኝ" ይላታል፤ ቤቷም ይመለስላታል። የተረጎመው ጀርመናዊ ሊቅ ይህን የዳኛውን መነሣት ዘሎታል። ከዓይኑ አምልጦት ይሁን ዳኛ ሲነሣ ማየት ከብዶት፣ እሱ ያውቃል። እህቴ ደግ ናት። የጎደለችውን መስመር ሞልታ፣ መስመሯ ከአረብኛው መምጣቷን በኅዳጉ ላይ ጽፋ አስረከበች።

ወደቀች።

ውጤቷን ልትጠይቅ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወረቀቷን ገልጦ በቀይ የተሰመረበትን አሳያት።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ከመጽሐፉ ነው፣ ፕሮፌሰር። ያለዚህ እኮ ቤቱ ለምን እንደተመለሰላት አይገባም።"

"ጀርመንኛው ላይ የለም።"

"አረብኛው ላይ አለ።"

"አረብኛውን ማን ጠየቀሽ? ጽሑፉ ላይ የሌለ ዓረፍተ ነገር የጨመረ ይወድቃል። የሌለውን ካነበብሽ፣ ያለውን ማንበብሽን በምን ልወቅ?"

ነገሩ እውነት ይመስላል፤ የሚያበግነውም ይሄው ነው። ከዚያ ቸርነቱ መጣበትና ዓመቱ ሳያልቅ በድጋሚ እንድትፈተን ፈቀደላት፣ በዚያው ገጽ። ጽሑፉን ለመቀየር ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት፤ ኮሚቴው ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው ሰውዬው ተማሪ ሳለ ነው። አንድ ነገር ከመናገሬ በፊት እህቴ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ።

በድጋሚው ፈተና ዳኛውን ወንበሩ ላይ ተወችው። አለፈች፤ ያውም "እጅግ በጣም ጥሩ" ተብላ። ኃላፊው እጇን ጨብጦ ጀርመንኛዋ መሻሻሉን ነገራት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤት ስንገባ አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እሷን የሚያውቋት በእግሯ ኮቴ ነው።

"ምን ጠየቁሽ ልጄ?"

"የዳኛውንና የመበለቷን ታሪክ።"

ፊታቸው በራ። "እኔ ያስያዝኩሽን? እስቲ እንደጻፍሽው በይልኝ።"

ሙሉውን ልትላቸው ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል? እሷ ግን አባባን ዋሽታ አታውቅም። ዳኛው ፈረደ፣ ስሕተቱን አወቀ፣ የመበለቷ ቤት ተመለሰ አለች። አባባ ጣታቸውን አነሡ።

"ዳኛው አልተነሣም እኮ።"

"አልተነሣም አባባ። እሱ ከተነሣ እኔ እወድቃለሁ።"

የአባባ ጣት ቀስ ብሎ ወረደ። "እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ" አሏት፤ ከራስጌ ጀምሪ ግን አላሏትም።