አዴር ዋበሪ እና የፍየል ተራራው ወዳጃቸው

ባለፈው ወር ወደ ቶጎጫሌ ስንሄድ ሾፌሩ ሬዲዮ ሲጎረጉር ጣቢያው ጠፋበትና ሚኒባሱ በሙሉ «ሽሽሽሽ» በሚል ድምፅ ተሞላ። ከኋላ የተቀመጡት ነጋዴ ሴቶች «ኧረ ዝጋው፣ ጆሯችንን በላኸው!» ብለው ጮኹበት። እኔ ሳላስበው «ትንሽ ተወው» አልኩ። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ሰው ሁሉ የሚሸሸው ያ ድምፅ ለእኔ የልጅነቴ ድምፅ ነው። ከውስጡ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊናገሩ የደረሱ ይመስለኛል። ሾፌሩ ሳቀብኝና ዘፈን አገኘ።

እኚያ ሽማግሌ አዴር ዋበሪ ናቸው። አዴር ሶማሊዎች አጎት የሚሉበት ቃል ነው፤ ጅጅጋ ውስጥ እኛም ከስልጤ የመጣነው፣ ከወሎ የመጡትም፣ ሁላችንም ትልቅ ሰው የምንጠራው በእሱ ነው። አዴር ዋበሪ የግንብ አጥር ጎረቤታችን ነበሩ። የአይሻ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በባቡር ጣቢያ የሬዲዮ ክፍል ውስጥ ነው የጨረሱት፤ አሮጌው ባቡር ሲቆም ሽንሌ ላይ ትንሽ ተቀመጡና በኋላ ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው ሆዳን ወደ ጅጅጋ አመጣቻቸው። ጢማቸውን ሂና ይቀቡታል። ከታች ሽርጥ፣ ከላይ የመዳብ ቁልፍ ያለው የባቡር ሠራተኛ ኮት፤ ያ ኮት በልብስ ማጠቢያ ሳሙናና በሄል ሻይ ይሸት ነበር። ጫት አይቅሙም። «አፍ ለማይክ ነው» ይሉ ነበር።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ እኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ እሑድ እሑድ ወደ ተራራ መውጣት ጀመርን። የምሳ ዕቃ የምታህል፣ ከሩቅ አገር ሰው ጋር የምታነጋግር ሬዲዮ ነበረቻቸው፤ በጅቡቲ በኩል ያስመጧት አሮጌ ናት። ኃይል የምትሰጣት የባጃጅ ባትሪ ነበረች። አንቴናው አንድ ጥቅል የኤሌክትሪክ ሽቦና የውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው። ይህን ሁሉ ተሸክመን በካራማራ በኩል ካሉት ኮረብቶች አንዱ ላይ እንወጣለን። ከቤት ጣሪያ ላይ ለምን እንደማይሞክሩ ስጠይቃቸው «ሬዲዮ እንደ ፍየል ነው፣ ከፍታ ይወዳል» አሉኝ። እኔ የምሄደው እንግሊዝኛ ስለምችል ነበር። ቻልኩ ከተባለ ነው እንግዲህ! እሳቸው ባቡሩ ያስተማራቸው ፈረንሳይኛ ነበር የሚያውቁት፤ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ሁለቱ ቋንቋዎች ይጋጩባቸዋል። አባቴ ከጫማ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሲያየን «የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፣ ዋበሪን ግን ይናፍቃቸዋል» እያለ ይስቅብን ነበር።

ፈቃድ ነበራቸው። ብዙ ደጅ ጠንተው ከአዲስ አበባ ያወጡትን ወረቀት በላስቲክ አሽገው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይይዙታል። ሆኖም ሽቦ ተሸክሞ ኮረብታ የሚወጣ ሽማግሌ ጠረፍ አካባቢ ዝም አይባልም። መጀመሪያ ቀን ኬላው ላይ አንድ ወታደር አስቆመን።

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ወሬ መጠያየቂያ።»

«ከማን ጋር?»

«ካገኘሁት ሰው ጋር።»

ወታደሩ ወረቀቱን አገላብጦ አየ፣ እኔን አየ፣ የሻይ ቴርሞሱን ከፍቶ አሸተተ። በኋላ በኋላ ለምዶን «አባት፣ ዛሬ ማን ተገኘ?» እያለ ያሳልፈን ጀመር።

አሁን ስለ ወሬው ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። በዓለም ያሉት የእነዚህ ሬዲዮዎች ወዳጆች አየር ላይ ሲገናኙ ብዙ አያወሩም። ምን ያህል ጥርት ብለህ ተሰማኸኝ የሚል ቁጥር ይለዋወጣሉ፣ ስምና ቦታ ይናገራሉ፣ ደህና ሁን። ሁለቱም ቁጥሩን ከተቀባበሉ ግንኙነቱ ይቆጠርላቸዋል፤ ካልተቀባበሉ አልተገናኙም ማለት ነው። አዴር ዋበሪ ግን የአርብቶ አደር ልጅ ናቸው። በእነሱ አገር ሁለት መንገደኞች በረሃ ላይ ከተገናኙ ሰላም ነው ወይ፣ ዝናብ ጥሏል ወይ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ከብቱስ፣ ቤተሰብስ ሳይባባሉ አይለያዩም። ሳይጠይቁ ማለፍ ስድብ ነው። ስለዚህ አንዱን ሩሲያዊ ስለ ዝናብ ጠየቁት። አንዱን ጣሊያናዊ ስለ ፍየሎቹ። እኔ ተርጓሚዋ በሐፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ሰዎቹም ቁጥራቸውን ወርውረው ይጠፋሉ። «ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው!» ይላሉ አዴር ማይኩን እያዩት።

አንድ እሑድ ግን ከስኮትላንድ አንድ ሰው ተገኘ። ስሙ ኢየን ነው፤ አራን የምትባል ደሴት ላይ ይኖራል። አዴር እንደ ልማዳቸው «ዝናቡስ?» ሲሉ ሰውየው አልጠፋም። ይልቁንስ ተቀምጦ ያማርር ጀመር! ዝናቡ ሣምንት ሙሉ አላባራም፣ በጎቼ እግራቸው በሰበሰ፣ ሰለቸኝ፣ አለ። ይህን ተርጉሜ ስነግራቸው አዴር ማይኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ዝናብ በዛብኝ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«አስተግፊሩላህ በል በይው!»

«አላህ ይቅር ይበለኝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳልኩት አላህ ነው የሚያውቀው። ሰውየው ግን እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወዳጆች ሆኑ። ኢየን ጡረታ የወጣ የጀልባ ሠራተኛ ነው፤ ጥቂት በጎች አሉት፣ ሞራግ የምትባል ሚስት አለችው፣ እሱም እንደ አዴር ሬዲዮ አዝሎ ተራራ ይወጣል። የተራራው ስም የፍየል ተራራ ማለት መሆኑን ሲሰሙ አዴር በደስታ ተነስተው ቆሙ። ፍየል ግን እንደሌለበት ሲነገራቸው ቅር አላቸው። «ታዲያ ስሙን ለምን ተሸከመው?» አሉ። የከተማው ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ሳምንታት እንኳ አዴር ዋበሪ አራን ላይ ስንት በግ እንደወለደ ያውቁ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልሆነላቸውም፣ እሱም ከተራራ ወደ ተራራ መገናኘት። እነዚህ ሰዎች ዘንድ ሁለቱም በየተራራቸው ጫፍ ላይ ቆመው ቁጥር ከተለዋወጡ ትልቅ ነገር ነው፤ ኢየን ከአፍሪካ ተራራ ጋር ተገናኝቶ አያውቅምና እንደ ልጅ ጓግቷል። እኛ ስንወጣ እሱ ጋ ደመና ይሆናል፣ እሱ ሲወጣ እኛ ጋ መብረቅ። ከዚያ ኮሮና መጣና ሁላችንም ቤት ተዘጋብን። አዴር ስኳራቸው ከፍ አለ፤ በዚያ ላይ የቀኝ እግራቸው ላይ ቁስል ወጣ። ክረምቱ ሲጋመስ እኛ ከጣሪያ ላይ፣ ኢየን ከቤቱ ሆኖ ስንገናኝ ክፉ ወሬ ነገረን። ሞራግ ታማለች፣ ምግብ አልበላ ብሏታል፤ በጎቹን ሸጠው በወሩ መጨረሻ ከተማ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። «የሚመጣው እሑድ ተራራውን ለመጨረሻ ጊዜ እወጣዋለሁ» አለ። «ዋበሪ፣ ትወጣለህ?»

«እወጣለሁ በይው» አሉ አዴር።

ሆዳን ስትሰማ ቤቱን ቀወጠችው። እኔ አባዮ ሆዳን እላት ነበር፣ እህቴ እንደማለት ነው፤ ስትቆጣ ግን ጄኔራል ናት። ስንት ስኳር ያለበት ሰው በእግር ቁስል እግሩን ሲያጣ ፋርማሲ ቆማ ያየች ሴት ናት፤ አልተሳሳተችም። ሬዲዮውን ውሃ ወቀጣ ነው አለች። እሑድ ጠዋት የአባቷን ቆዳ ጫማ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበትና ቁልፉን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው።

አዴር ዋበሪ ግን የዐስር ሶላት ሲቃረብ ካልሲ በካልሲ ደርበው፣ የላስቲክ ሰንደል አድርገው ወጡ። እኔ ባትሪውን ያዝኩ። የኮረብታው ግማሽ ላይ ስንደርስ ከታች ባጃጅ ቆመች፣ ከውስጧም ሆዳን በአንድ እጇ ጫማውን ይዛ ወረደች።

«አቦ! እግርህን እንዲቆርጡት ነው የፈለግኸው?» ድምፅዋ ገደሉ ላይ አስተጋባ። በሶማሊኛ ነው የምትጮኸው፣ አቦ አባቴ ማለት ነው፤ ፍየሎቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ።

አዴር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እስክትደርስ ጠበቋት። ስትደርስ እያለከለከች ነበር። «ሰውየውን ቀጥሬዋለሁ» አሏት በቀስታ። «በጎቹን ሸጧል፣ ቤቱን ሊለቅ ነው፣ ሚስቱ ታማለች። ዛሬ ተራራ ላይ ቆሞ ቢጠራኝና ባልመልስለት ምን ሰው ነኝ?»

ሆዳን ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰችም ተንበርክካ ካልሲውን አወለቀች፣ ከውሃ ኮዳዋ እግራቸውን አጠበች፣ ቁስሉን በንጹሕ ፋሻ አሠረችና ጫማውን አጠለቀችላቸው። ከዚያ ባትሪውን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ተሸከመችው። የዚያን ቀን ሆዳንን እንዴት እንደወደድኳት!

ጫፉ ላይ ነፋሱ ቧንቧውን አላቆም አለ። ሆዳን በሁለት እጇ አቀፈችው፣ መጎናጸፊያዋ ሰማይ ላይ እየተውለበለበ። አዴር ተጣሩ። መልስ የለም። ደግመው ተጣሩ፤ ሽሽሽ ብቻ። ፀሐይዋ ወደ ሐረር መንገድ አዘቀዘቀች። እኔ ተስፋ ቆርጬ ሽቦውን ልጠቀልል ስነሳ ቀጭን ድምፅ መጣ። ኢየን ነው። ተራራው ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል።

«ቁጥሩን ቶሎ ስጠኝ፣ እየጠፋህብኝ ነው!» አለ።

«አዴር፣ ቁጥሩን ይስጡት! ቁጥሩን!» አልኩ እየዘለልኩ።

እጃቸውን አነሱ። «ቆይ እንጂ። የሚስቱን ሳልጠይቅ?»

ጠየቁ። ሞራግ እንዴት አደረች? በጎቹን የገዛው ሰው ደህና ሰው ነው? ሣሩ ይበቃዋል? ኢየን አንድ በአንድ መለሰ፣ እኔም ተረጎምኩ። ገዢው የጎረቤት ልጅ ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው። ሞራግ... ሲል ድምፁ ሰለለ፣ ተመለሰ፣ ሌላ ሁለት ቃል አለ፣ እነሱን ተርጉሜ ሳልጨርስ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የፈለግነውን ብንጣራ ሽሽሽ ብቻ ሆነ።

እኔ አለቀስኩ። «አልተቆጠረም! ቁጥር ሳትለዋወጡ! ይሄን ሁሉ ወጥተን!»

አዴር ዋበሪ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ምን ያስለቅስሻል? ሞራግ ዛሬ ጠዋት ገንፎ በላች ብሎ ነገረኝ እኮ። ሰው ይህን ሊነግርህ አፉን ሲከፍት ቁጥር አምጣ ይባላል?»

ሆዳን ቧንቧውን እንዳቀፈች በሣቅ ፈነዳች። አዴርም ሳቁ። እኔ ግን እስክንወርድ አኮረፍኩ።

አዴር ዋበሪ ከዚያ ወዲያ ተራራ አልወጡም። እግራቸው ግን ሳይቆረጥ ዳነ። ኢየን ከተማ ገብቶ ፎቅ ቤት ውስጥ አንቴና የሚሰቅልበት አጣ መሰለኝ፣ ከጣሪያ ላይ ብንጠራው ብንጠራው አልተገኘም። አዴር በዓመቱ በልጃቸው ቤት፣ አልጋቸው ላይ አረፉ። ናፈቁኝ። አሁንም ይናፍቁኛል፣ ምን እደብቃለሁ።

ሆዳን ውሃ ወቀጣ ላለችው ሬዲዮ ፈቃድ በራሷ ስም ለማውጣት ደጅ ስትጠና ከረመች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ለሰውየው ማን ይንገረው?» አለችኝ። ወረቀቱ ሲመጣ እሑድ እሑድ በአባቷ ሰዓት፣ በአባቷ ኮረብታ ላይ ተጣራች። ብዙ እሑድ ማንም አልመለሰልንም። አንድ ቀን ግን ኢየን ከሚኖርበት ከተማ ዳር አንድ ጉብታ ላይ ወጥቶ ኖሮ፣ አዴር ዋበሪ በሚጠሩበት ሞገድ ላይ ጥሪ ሲሰማ ድምፁን ሳይለይ ጮኸ፤ «ዋበሪ! አንተ ሽማግሌ! አሁን ቁጥሬን ስጠኝ!»

ሆዳን ማይኩን ያዘች። በአርብቶ አደሮቹ ደንብ ክፉ ወሬ የያዘ ሰው በደጉ ነው የሚጀምረው። አገር ሰላም ነው አለች። ዝናብ ጥሏል፣ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፣ ፍየሎች ወልደዋል። ወዲያው ድምፅዋ ተሰበረና ማይኩን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም ነገርኩት። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ፣ አጭር አድርጌ።

ከዚያ ያ የዝናብ አማራሪ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና «በቀበራችሁት ቀን ዝናብ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ነበር» አልኩት። «ቆፋሪዎቹ ሽርጣቸውን ሰብስበው እስኪይዙ ድረስ ዘንቧል።»

«ጥሩ ነው» አለ። «በጣም ጥሩ ነው።»

ሆዳን ዓይኗን ጠርጋ ማይኩን መልሳ ወሰደችና ስለ ሞራግ ጠየቀችው።