ነጭ የተቀባችው ኮርኒስ

ሾፌሩ አውቶቡስ መንዳት ካቆመ ዘመን ቢቆጠርም ሰፈሩ ዛሬም «ሾፌሩ» ነው የሚለው። እሱ ጡረታ ሲወጣ ችኮላው አብሮት አልወጣም። ቤቱን ሲሸጥ ጉድ ሊያፈላበት የነበረውም ይኸው ችኮላ ነው።

ቤቱን የሚሸጠው ጠልቶት አይደለም፤ የባለቤቱ ጉልበት ደረጃ እንቢ ስላለ ነው። ከፎቅ ለመውረድ የእሱን ትከሻ መደገፍ አለባትና፣ እሱን ላለማድከም ብላ መውጣቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ፀሐይዋም ሰላምታዋም በመስኮት ሆነ። አሁን ግን ደረጃ የሌለው ትንሽ ቤት ተገኝቶላታል፤ የዚያ ቤት ጌታ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው የምጠብቃችሁ ብሏል። የእነሱን ቤት የምትገዛው የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ደግሞ መሐንዲስ ሳያየው አልፈርምም አለች። ማን ይፈርድባታል?

መሐንዲሱ ሊመጣ ሲል ሾፌሩ ሳሎኑ ኮርኒስ ላይ፣ ልክ ከመታጠቢያ ቤቱ ሥር፣ ቢጫ እድፍ አየ። ቀለም ገዝቶ እሷኑ ብቻ ቀባት። የቀረው ኮርኒስ በዕድሜ ጠይሟል፤ እሷ ብቻ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ታበራለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የሾፌሩ እውነት ግን ማደርም አላስፈለጋት። መሐንዲሱ ገና ከበር ቀና አለና፣

«አባባ፣ ይቺ ብቻ ለምን ተቀባች?» አለው።

መሰላል ላይ ወጥቶ ጫን ቢላት ጣቱ ሰርጎ ገባ። ከበላይዋ ያለው ቧንቧ በስብሶ ኖሯል።

ከመሐንዲሱ ጋር የመጣችው አስተማሪ ቦርሳዋን አነሳች። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ያ ደረጃ የሌለው ቤት ከእጁ ሲያመልጥ ታየው።

ይሄኔ ከላይ ድምፅ መጣ። ባለቤቱ ደረጃው አናት ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ስትሰማ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ሰውዬው ክፉ እንዳይመስልሽ፤ ለእኔ ብሎ ነው የሚቸኩለው። ግን ማታለል ማታለል ነው። ቤቱን ትቼዋለሁ ብትዪም አልቀየምሽም።»

«እርስዎስ ለምን አይወርዱም?»

«ጉልበቴ ደረጃ እንቢ ብሎኛል፤ እኔማ የምወርደው ቤቱ ሲሸጥ ነዋ!» ብላ ሳቀች።

አስተማሪዋ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

«ቧንቧው ይቀየር፤ ሲሠራም ቆሜ አያለሁ። ሌላ የሸፈኑት ካለ ግን አባባ፣ አሁኑኑ ያሳዩኝ።»

ሾፌሩ አልሰሰተም። አልዘጋ ያለውን መስኮትም፣ የላላውን የበር ማጠፊያም፣ መሐንዲሱ ያላየውን ሳይቀር እየዞረ አሳያት። ቧንቧ ሠሪውም የሌላ ሰው ሥራ አቆይቶ መጣላቸው፤ ሾፌሩ መሰላሉን ይዞ ሲመርቀው ዋለ። ፊርማው ሳምንቱ ሳያልቅ ደረሰ።

አዲሱ ቤት የገቡ ዕለት ሾፌሩ ዕቃ ሲደረድር ባለቤቱ ከወንበሯ ስትነሳ አየና ትከሻውን ሊሰጣት ሮጠ።

«ተወኝ እንጂ፣ ማን ጠራህ?» አለችው።

በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች። እሱ ካርቶን እንዳቀፈ ቀረ። ለዚያች አስተማሪ ዕድሜ ስጥልኝ ሊል አፉን ሲከፍት ዕንባው ቀደመው። ባለቤቱ ደጅ ላይ ለማታውቃት ጎረቤት ስሟን እየነገረች ነበር።