«ዘና በል» በተባልኩ ቁጥር

ቅዳሜ፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። መካኒሳ አቦ አጠገብ ባለው የልምምድ አዳራሻችን ትራምፔት እየነፋሁ ሳለ አንገቴ ተቆለፈ። መዞር አልቻልኩም። የቀኝ እጄ ጣቶች ደነዘዙ።

ሥራዬ ዜና መዘገብ ነው። ትራምፔት የምነፋው በትርፍ ጊዜዬ፣ ሠርግና ቀብር በሚያጅብ የሠፈር ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው። መሪያችን ከጦር ሠራዊት ባንድ በጡረታ የወጡ ሙዚቀኛ ናቸው፤ ሻምበል እንላቸዋለን። ልጄ ማርታ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነበር። ከመኪና ስትወርድ በትራምፔት የምቀበላት እኔው ራሴ እንድሆን ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ቃል አስገብታኛለች።

ምክር ዘነበብኝ። ጎረቤቴ «ብርድ ነው» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ሀይሌ ጋርመንት ሠፈር ያለ ወጌሻ አንገቴን ጎተተው፤ ባሰብኝ። ከዚያ የሄድኩበት የነርቭ ሐኪም ኤምአርአይ አስነሣኝ።

«የአንገትዎ ዲስክ ደህና ነው። ስፓዝም፣ የጡንቻ መኮማተር ነው፤ ዘና ይበሉ» አለኝ።

እንዴት እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሻምበልም በየልምምዱ «ዘና በል! ዘና በል አልኩህ!» እያሉ ይጮኹብኛል። ተጮኾበት ዘና ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም። ማርታ ደግሞ «አባዬ፣ የማገባው እኔ፣ የምትጨነቀው አንተ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እንቅልፍ አጣሁ። ጥርሴን ነክሼ እነቃለሁ። አንድ የዜማ መስመር ሳልጨርስ ከንፈሬ ይከዳኛል።

በመጨረሻ ወደ አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ተላክሁ። «ጋሼ፣ ትራምፔቱንና የባንዱን ልብስ ይዘው ይምጡ» አለችኝ። ይህን የጠየቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ለብሼ ነፋሁላት። ወዲያው አስቆመችኝ።

«ቀበቶውን ማን ነው እንዲህ ያጠበቀው?»

«የባንዱ ደንብ ነው።»

«ሆድዎ በየት በኩል ይነፋ ታዲያ?»

እኛ ለቀብርም ለሠርግም የምንነፋው በተጠንቀቅ ቆመን ነው፤ ጉልበት ተገትሮ፣ ደረት ተነፍቶ፣ ቀበቶ ጠብቆ። ሆዴ ቦታ ሲያጣ ትከሻዬን አንሥቼ እተነፍሳለሁ፤ ትከሻዬ አንገቴን ይጎትታል፤ አየሩ ሲያንሰኝ ደግሞ ትራምፔቱን ከንፈሬ ላይ እጫነዋለሁ።

መጀመሪያ ወለል ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ፣ ጉልበቴን አጥፌና እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ መተንፈስ ተማርኩ፤ ቀጥሎ ተቀምጬ፣ ከዚያም ጉልበቴን ሳልገትር ቆሜ፣ ዝቅ ያሉ ድምፆችን በለስላሳው እያስረዘምኩ፣ መጫን ስጀምር እያቆምኩ ነፋሁ፤ ቀስ በቀስም ጣቶቼ ነቁ፣ አንገቴም ዞረ።

ቀበቶዬን አላልቼ ልምምድ ስገባ ሻምበል ተቆጡ።

«ቀበቶው የላላ ወታደር አይተህ ታውቃለህ?»

«ሻምበል፣ እኔ ጋዜጠኛ ነኝ።»

«ያስታውቃል!» አሉኝ። ግን አላባረሩኝም።

መሣሪያዬን ለማየት ጊዜ የሰጠችኝን ያቺን ባለሙያ አመሰግናለሁ። እንደኔ ለታመማችሁ፦ እጃችሁ ከደነዘዘ ሳትመረመሩ አንገታችሁን አታስነኩ። ለሕክምና ስትሄዱ መሣሪያችሁንም ልብሳችሁንም ያዙ። «ዘና በል» ያላችሁን ሰው «የቱን?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ትከሻ ነው፣ መንጋጋ ነው፣ ሆድ ነው?

በሠርጉ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ማርታ ለቡ ካለው አዳራሽ ደጃፍ ከመኪና ወረደች። ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነፋሁ። አጠገቤ የቆሙት የሻምበል ቀበቶ ሁለት ቀዳዳ ላልቶ ነበር።