በሐጁ ስም የወጣ ሰሌዳ

ካርቱም ውስጥ ንብረቱን ያጣ ሁሉ ጦርነቱን ይረግማል። ይርገም፣ እውነቱን ነው። የእኛ መኪና ግን የተወሰደው ገና አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ በደህናው ቀን፣ በሰላምታና በምርቃት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው።

መኪናው ሱዳኖች ዳፋር የሚሉት የጭነት መኪና ነበር፤ ጡብ፣ ሲሚንቶ፣ ሽንኩርት፣ የተገኘውን ሁሉ ይጭናል። ሾፌሩም ረዳቱም ባለቤቴ ነው። ግማሹ የእሱ ላብ ነው። ግማሹ ደግሞ የእኔ፣ ካፉሪ ሰፈር የሰው ቪላ ውስጥ ወገቤ እስኪቆረጥ ወለል የወለወልኩበት። የሠርግ ሀብሌም ተሽጦ እዚያው ገብቷል። ከዚያ መኪና ሌላ በዚህች ምድር ላይ የኛ የምንለው ነገር አልነበረንም።

ገዝተን ሙሩር፣ የትራፊክ መሥሪያ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ስንሄድ ለውጭ አገር ሰው የንግድ መኪና ሰሌዳ አይወጣም አሉን። የሱዳናዊ ስም አምጡ! እዚያ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባጃጁም ሱቁም በሰው ስም ነው። እኛም ጀብራ ሰፈር አንድ ግድግዳ የምንጋራቸውን ጎረቤታችንን ለመንን። ሐጅ ነበር የምንላቸው። ሻይ ሳይቀዳልን እሺ አሉ።

በየዓመቱ ፈቃዱ ሲታደስ ባለንብረቱ ከነመኪናው በአካል መቅረብ አለበት። ሐጁ ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው ጋቢና ይቀመጣሉ፤ ባለቤቴ እንደ ቅጥር ሾፌር ጎንበስ ብሎ በር ይከፍትላቸዋል። መርማሪው ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «መኪናዎን በደንብ ይዘውታል» ሲላቸው፣ «ወላሂ፣ የላቤ ውጤት ነው!» ይላሉ። ሲመለሱ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ሐጁ «ዘንድሮም ሰረቅኩህ!» እያሉ ይቀልዱበታል። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም ተቀብለውን አያውቁም። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው፣ እሳቸውን አላማቸውም።

እኔ ገና ከጅምሩ «ሁለት ሰው አስቀምጠን እንፈራረም» ብዬ ነበር። ባለቤቴ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «እኚህን ሰው አላምንዎትም ልበላቸው? በየት ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ይሉኝታ! ቤታችንን ያፈረሰው ይሉኝታ ነው። ይባስ ብለን፣ ወሬው ወጥቶ ፖሊስ መኪናውን እንዳይወርስብን ፈርተን፣ «ለልጆችዎም ቢሆን እንዳይነግሩ» ብለን አስማልናቸው። ሰውየው ደግሞ ቃላቸውን ጠበቁ።

ሐጁ ድንገት አረፉ። እንደ አባቴ ነው ያለቀስኩት። ባለቤቴም የለቅሶውን ወንበርና ውሃ በዚያው መኪና ሲያመላልስ ሰነበተ። ለቀስተኛው እንደተበተነ ትልቁ ልጃቸው መጥቶ እቅፍ አደረገውና፣ «አባታችን ይወድህ ነበር፤ ከሥራህ አናፈናቅልህም። ማታ ማታ ቁልፉን ብቻ እኛ ጋ ታሳድራለህ» አለው።

ባለቤቴ እንደ ምንም ብሎ «መኪናው እኮ የኔ ነው» አለ። ልጁ አልተቆጣም፤ ከልቡ ነው የሳቀው። «ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ አባቴ ራሱ የኔ ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ሙሩር ሄድን። መኮንኑ እስከ መጨረሻው አዳመጠን። «መኪናው የእናንተ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ መንግሥትን ስታታልሉ ነበር ማለት ነው። ክሱን ልክፈተው?» አለን። ባለቤቴ «መዓሌሽ፣ ይቅር» ብሎ እጄን ይዞ ወጣ። ወይ ነዶ!

አንድ ሰው ቀርቶናል አልኩ፤ ሐጃ፣ የሟቹ ሚስት። እዚያ ባል የሞተባት ሴት ለወራት ከቤት አትወጣም፣ ባዕድ ወንድም አያያትም። እኔ ሴት ነኝና ገባሁ። ነጭ ቶባቸውን ተከናንበው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ «ሐጃ፣ የመኪናውን ነገር እርስዎ ያውቃሉ» አልኳቸው።

ይክዱኛል ብዬ ነበር። አልካዱም። «አውቃለሁ፣ ልጄ። ሐጅ ከኔ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም» አሉ።

ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ። «እንግዲያው ለልጆችዎ ይንገሯቸዋ!»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ትንሹ ሥራ የለውም። ትልቁ ደግሞ መኪና አለኝ ብሎ ሚስት አጭቷል። ብነግራቸውም አይመልሱልሽም፤ አውቃቸዋለሁ። አሁን ልጆቼ ሌቦች አይደሉም፣ አያውቁማ። ከነገርኳቸው በኋላ ግን ሌቦች ይሆናሉ። ልጆቼን ሌባ አታድርጊብኝ።»

«እኛስ፣ ሐጃ?» አልኩ።

«ባልሽን ከመኪናው እንዳያወርዱት አዛቸዋለሁ። ኢንሻላህ፣ እኔ እስካለሁ ድረስ ሾፌራቸው ሆኖ ይኖራል» አሉና ራሴን ዳስሰው መረቁኝ።

ስንት ነገር ልላቸው ነበር የገባሁት! እርግማኑ ሁሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ባለቤቴ በማግስቱ ሥራ መውጣት አለበት፤ ልጆቼም መብላት አለባቸው። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። በገዛ መኪናዬ ላይ ባሌን ስለቀጠሩልኝ አመሰገንኳቸው።